በጁልስ ስም

«እኔ አልላክሁትም አልኩ እኮ» አለች ጁልስ።

የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ኮድ ክበብ ኃላፊ ሚስተር ሃልቮርሰን ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ እንደገና አነበቡት፤ ደግመው ቢያነቡት የሚለወጥ ይመስል። ጽሑፉ አጭር ነው። የልጃገረዶች ሆኪ ቡድን የቅዳሜ ጠዋት የበረዶ ሜዳ ሰዓት ተሰርዟል። የሰረዘችው፦ ጁልስ ላቮይ።

ካይሳ ኒየሚ ከጁልስ አጠገብ ተቀምጣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቃለች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከጁልስ ጎን በቀር ሌላ ቦታ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። አሁን ግን ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። ምክንያቱም አላመነቻትም።

ኬልሶ ቤይ ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ክረምት ሲገባ ከበረዶ ሜዳዋ ሌላ መሄጃ የላትም። ሜዳው አንድ፣ ቡድኑ ብዙ ስለሆነ በሰዓት ሽሚያ ስንቱ ጎረቤት ሆድና ጀርባ ሆኗል። የኮድ ክበቡ ልጆች የስልክ አፕ የሠሩትም ይህን ጭቅጭቅ ለማብረድ ነበር። አሠልጣኞችና ተጫዋቾች በስልካቸው ሰዓት ይይዛሉ፣ ይሰርዛሉ፤ አፑ መልእክታቸውን ለከተማው ሰርቨር፣ ሰዓቱን ለሚመዘግበው ዋና ኮምፒውተር፣ ያደርሳል።

መጀመሪያ ላይ ሰርቨሩ የተላከለትን ሁሉ ያምን ነበር። አንድ ቀልደኛ የሳምንቱን ሰዓት በሙሉ በድመቱ ስም ካስያዘ በኋላ ግን ከተማው «ከእንግዲህ እያንዳንዱ መልእክት ቶክን ይለጠፍበት» አለ። ቶክን ማለት ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲገባ ሰርቨሩ የሚሰጠው ረጅም የፊደልና የቁጥር ጥልፍልፍ ነው። አፑ ይህን ጥልፍልፍ መልእክቱ ራስ ላይ ለጥፎ ይልካል፤ ሰርቨሩም አይቶት «አሃ፣ እገሌ ነው» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ቶክኑ ያረጃል፤ ያኔ ባለቤቱ እንደገና መግባት አለበት። ይህን የመለጠፍ ሥራ የሚሠራውን ኮድ የጻፈችው ካይሳ ናት። በክበቡ ውስጥ «ለጣፊው» ይሉታል፤ ከእሷ በቀር የሚነካውም የለም። ጁልስ የሠራችው ደግሞ ዓይን የሚያየውን ነው፤ ስክሪኑን፣ ቀለሙን፣ ቁልፎቹን።

ቅዳሜ ዕለት ልጃገረዶቹ ለብሰው ታጥቀው ሲደርሱ ሜዳው ላይ የወንዶቹ ቡድን ልጆች ይንሸራተቱ ነበር። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሰዓቱ ተለቆ አይተውታል፤ ወስደውታል፤ በእነሱ ምን ይፈረዳል? በረኛዋን ብሪታን ልታይ ከዱሉት ከተማ ድረስ የነዳች የኮሌጅ አሠልጣኝ ጥቂት ጠብቃ መኪናዋን አስነስታ ተመለሰች። ብሪታ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማ አለቀሰች።

ጁልስ ደግሞ በኅዳር ከዚያ ቡድን የተቀነሰች ልጅ ናት። የተቀነሰች ዕለት ካፍቴሪያው ውስጥ ሁሉም እየሰማ «በረዶው ከሥራቸው ይቅለጥ» ብላለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺን ቃል አሁን የማያስታውስ የለም።

«የይለፍ ቃልሽን ለሰው ሰጥተሻል?» አሉ ሚስተር ሃልቮርሰን።

«አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ማን ላከው?»

«እኔ ምን አውቄ? እርስዎ አይደሉ እንዴ መምህሩ?»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ሚስተር ሃልቮርሰን አልተቆጡም፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ቶክን አይዋሽም የሚል እምነት አላቸው፤ ያንን እምነት በዚህ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከተማው እስከ ዓርብ መልስ እንደሚፈልግ ተናገሩ። መልስ ከሌለ ጁልስ ከክበቡ ትወጣለች፤ ለበጋ ሥራ የተላከው ስሟም ይሰረዛል።

የበጋው ሥራ በከተማው የኮምፒውተር ክፍል ነው። ቦታው አንድ ሲሆን ከትምህርት ቤቱ የተላከው ስም ግን ሁለት ነው፤ የጁልስና የካይሳ። ካይሳ ይህን ስትሰማ ደረቷ ውስጥ ትንሽ ነገር ሞቅ አላት። ወዲያው አፈረችበት፤ ሙቀቱ ግን ቶሎ አልጠፋም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ካይሳ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠረጥር ሰነበተች፤ ጥርጣሬ ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም፣ በየሄደበት የሚለቅመው አያጣም። ማክሰኞ ምሳ ላይ የጁልስ ስልክ ሲጮኽ ጁልስ ስክሪኑን ወደ ሆዷ አዙራ አነበበች። ድሮ እንኳን መልእክት የሕልሟን ፍቺ ሳይቀር የምታስነብብ ልጅ ናት። ካይሳ ማነው ብላ ስትጠይቃት ማንም አይደለም አለች። ከትምህርት በኋላም አውቶቡስ አልተሳፈረችም። ጉዳይ አለኝ ብላ ኮፍያዋን ዓይኗ ድረስ ስባ በእግሯ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ሄደች።

የምን ጉዳይ? ካይሳ በአውቶቡሱ መስኮት ሸኘቻት። ሰው ንጹሕ ከሆነ ስልኩን ለምን ይደብቃል? ንጹሕ ከሆነስ ለምን አያለቅስም፣ ለምን አይጮኽም? ጁልስ እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት፤ በትንሽ ነገር የምትንጨረጨር ልጅ በዚህ ትልቅ ነገር ዝም ማለቷ ራሱ ካይሳን አላስቀመጣትም። የምትደብቀው ነገር ባይኖርማ የት እንደነበረች በተናገረች ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ካይሳ ሚስተር ሃልቮርሰንን ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው። ልታናግራቸው አስባ አልነበረም፤ ቢያንስ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው።

«ሠርታዋለች ማለቴ አይደለም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን ሰሞኑን ስልኳን ትደብቃለች። ከትምህርት በኋላም የት እንደምትሄድ አትናገርም። ብቻ... እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

ሚስተር ሃልቮርሰን አመሰገኗት። ካይሳ ወደ ክፍሏ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አየች፤ እውነት መናገር እንዲህ ነው እንዴ የሚሰማው ብላ አሰበች።

በዚያው ምሽት እራት ላይ አባቷ የዱር ሩዝ ሾርባውን እያቀዘቀዘ ስለ ሥራው ያወራል። አባቷ በሜዳው በረዶ የሚያለሰልሰውን መኪና ይነዳል፤ የሚወደውም የሚያማርረውም ይህንኑ ነው። የዛሬው ወሬው ስለ ትንንሾቹ ነበር፤ በማክሰኞና በሐሙስ ከትምህርት በኋላ መንሸራተት ስለሚማሩት የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች። ጫማቸውን የሚያስርላቸው ሰው ጠፍቶ ወላጆች ሲጨቃጨቁ ከርመው ነበር።

«ደግነቱ ያቺ ጓደኛሽ አለች» አለ። «ጁልስ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር? ከገና ጀምሮ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም።»

ካይሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጁልስ የኛዋ?»

«ሌላ ጁልስ አለች እንዴ? ለማንም አይንገሩብኝ ብላ አስምላኛለች፤ ለካ ለሰው ስነግር ነው የተገኘሁት። ከቡድን ተባርራ የሕፃን ጫማ አሣሪ ሆነች እንዳይሏት ፈርታ ነው መሰለኝ። የልጆቹ እናቶች ደግሞ ቀኑን ሙሉ መልእክት ያዥጎደጉዱባታል፤ የልጄ ጓንት የት ገባ፣ የልጄ ኮፍያ የት ገባ።»

«ባለፈው ሐሙስም ነበረች?»

«ነበረች አልኩሽ እኮ።»

«ስልኳስ? ስልኳ እጇ ላይ ነበር?»

አባቷ እንደ ሞኝ አያት። «ከትንንሾቹ ጋር በረዶ ላይ የሚወጣ ሁሉ ስልኩን እኔ ባልዲ ውስጥ ጥሎ ነው የሚወጣው። ባለፈው ዓመት አንዱ የወደቀ ስልክ ስንት ጣጣ እንዳመጣብኝ ረሳሽው? የመኪናዬን ምላጭ ነው የሸረፈው። ሜዳው እስኪዘጋ ማንም አይወስድም፤ ባልዲው እኔ እግር ሥር ነው።»

መልእክቱ የተላከው ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው። ካይሳ ሾርባዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ክፍሏ ገብታ ላፕቶፗን ስትከፍት መጀመሪያ ያሰበችው ሌባ ነው። አንድ ሰው የጁልስን ቶክን ሰርቆ ይሆናል፤ ከወንዶቹ አንዱ፣ ወይም ኮድ የሚችል ታላቅ ወንድም ያለው። ጥርጣሬዋ ሰው ለወጠ እንጂ አልቆመም። ቶክን ደግሞ ሊሰረቅ የሚችለው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው ብላ አሰበች፤ የሚያልፈው በለጣፊው በኩል ነው። ስለዚህ ለወራት ያልነካችውን የራሷን ኮድ ከፍታ ከላይ ማንበብ ጀመረች።

ሌባ አላገኘችም። ያገኘችው አንድ መስመር ነው። ከላይ ያለው መስመር «ያላረጀ ቶክን ካለ ለጥፍ» ይላል። ቀጥሎ ያለው ግን «ከሌለ እንደገና እንዲገባ ንገረው» ማለት ሲገባው «ከሌለ ይህን ለጥፍ» ይል ነበር። ከዚያም ረጅሙ ጥልፍልፍ። ከጎኑ ካይሳ ራሷ ለራሷ የጻፈችው ማስታወሻ አለ፦ ለጊዜው ነው፣ በኋላ ይጥፋ።

ሁሉም ትዝ አላት። በመስከረም የከተማው ሰርቨር መግቢያ ገጽ ተበላሽቶ ነበር፤ ቶክን ካልተገኘ ደግሞ ለጣፊውን መሞከር አይቻልም። ከተማው ለአፑ ሠሪዎች የሙከራ ቶክን ልኳል፤ እስከ በጋ የማያረጅና የማንኛውንም ቡድን ሰዓት መያዝም መሰረዝም የሚችል። የካይሳ ሳይደርስ የጁልስ ደርሶ ነበር። ጁልስ በአፏ ዶናት ጎርሳ «እንኪ የኔን ለጥፊው፣ ዋናው መሥራቱ ነው» አለቻት። ለጠፈችው። ሠራ። ጨፈሩ። ሲጨፍሩ በኋላ የሚጠፋው ነገር ተረሳ፤ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያውቃት የተረገመች «በኋላ»።

እንዳይሆን እየለመነች ስልኳን አነሳች። ከአፑ ወጣች፤ አሁን ምንም ቶክን የላትም። ማንም የማይፈልገውን የእሑድ ንጋት ሰዓት መርጣ ያዝልኝ የሚለውን ነካች። እንደገና ግቢ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። «ተይዟል» አለ ስክሪኑ። «ያስያዘችው፦ ጁልስ ላቮይ።»

ካይሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ላይ ቶክኑ ያረጀበት ሰው ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የላከው ነገር በጁልስ ስም ሲሄድ ከርሟል። ሰው ግን «ተይዟል» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ስም ስለማያነብ ማንም ልብ አላለውም። የቅዳሜውንም የሰረዘው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባትም ጭራሽ አይታወቅም። ተንኮለኛ ሊሆን ይችላል፤ ጓንት ያጠለቀ ጣቱ የተሳሳተ ቁልፍ የነካበት አሠልጣኝም ሊሆን ይችላል።

መስመሩን ማጥፋት ቀላል ነው። አንድ ጊዜ መጫን፤ በቃ። አሮጌው ኮድ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ግን ሚስተር ሃልቮርሰን ወደ ኋላ ሄደው የሚያነቡ ሰው አይደሉም። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር አይደገምም። ሰዎች ደግሞ «አያችሁ? ጁልስ ከወጣች ወዲህ እኮ ሰላም ሆነ» ይላሉ። የመስመሩ መጥፋት ራሱ በጁልስ ላይ ምስክር ይሆናል። የበጋው ሥራ ለካይሳ ይሆናል፤ አባቷም ኬክ ይገዛል።

ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ላፕቶፑን እንዳለ ዘጋችው።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ካይሳ ከትምህርት በኋላ አውቶቡሱን ትታ ወደ ሜዳው ሄደች። ጁልስ የጎማው ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ የአንዲት ፊቷ የቀላ ሕፃን ጫማ ታስራለች። ካይሳን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባትሽ ነው አይደል? ወሬኛ።»

«እሱን ተይው። አንድ ነገር ላሳይሽ» አለች ካይሳና አጠገቧ ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻት፤ መስመሩን፣ መስከረምን፣ የእሑድ ንጋቱን ሙከራ። ስልኩንም አሳየቻት። ጁልስ ክሩን በእጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ስለዚህ ማንም ሊሆን ይችላል?» አለች።

«ማንም። ቶክኑ ያረጀበት ሁሉ አንቺ ነበር።»

ጁልስ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። ልትስቅ የዳዳት ይመስል ነበር። «ኮዱስ ይሁን። እንኪ ያልኩሽም እኔ ነኝ፤ ማንም ይሳሳታል።» ክሩን ሳበች። «ትናንት ግን ሃልቮርሰን ስልክሽን ለምን ትደብቂያለሽ ብለው ጠየቁኝ። ስልኬ ሲጠራ አጠገቤ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ኮድ ነው?»

ካይሳ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«አይደለም» አለች። «እሱ እኔ ነኝ።»

«ልትጠይቂኝ አትችይም ነበር?»

«ጠየቅሁሽ እኮ፤ ማንም አይደለም አልሽኝ።»

«ስለ ስልኩማ ጠየቅሽኝ። ሰረዝሽ ወይ ብለሽ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። ሁሉም ሲጠይቀኝ አንቺ ብቻ አልጠየቅሽኝም። እኔ ሞኟ ስለምታምኚኝ ነው ብዬ።»

ሕፃኗ እግሯን ወዘወዘች። ጠበቀብኝ አለች። ጁልስ ጎንበስ ብላ ክሩን ቀስ አድርጋ አላላችላት፤ ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቧል።

«ሂጂ ንገሪያቸው» አለች። «እኔ አብሬሽ አልሄድም።»

ሚስተር ሃልቮርሰን ገና ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። ካይሳ መስመሩን ከፍታ ስታሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ግንባራቸውን አሹ። ቶክን አይዋሽም የሚለውን ያን ቀን አልደገሙትም። ቀጥለው ግን ደስ አላቸው፤ የከበዳቸው ነገር ስለቀለለ የእውነት ደስ አላቸው። ወዲያው ኮምፒውተራቸውን ስበው ለከተማው፣ ለክበቡና ለሆኪ ቡድኑ የሚላክ አጭር ነገር መጻፍ ጀመሩ። በአፑ ላይ የቴክኒክ ችግር ተፈጥሮ እንደነበር፣ ችግሩም እንደተስተካከለ፣ ጁልስ ላቮይ ከጉዳዩ ነጻ እንደሆነች።

«የሌላ ሰው ስም ማንሳት አያስፈልግም» አሉ በደግነት። «ጁልስ ነጻ ወጣች፤ ለበጋው ሥራ የተላከው ስምሽም እንዳለ ነው። ሁሉም በሰላም ያልቃል።»

ካይሳ ጽሑፉን አነበበችው። ሐሰት የለበትም። ለደቂቃ ያህል በጣም ወደደችው። ከዚያ ብሪታ ስታነበው ታያት፤ ካፍቴሪያው ውስጥ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታያት። የቴክኒክ ችግር። ኬልሶ ቤይ ውስጥ ይህን የሚያምን ማን አለ? ሸፈኑላት ነው የሚሉት። እሷ ራሷ ብትሆን ኖሮ፣ ከሁሉም ቀድማ፣ እንደዚያ ነበር የምትለው።

«ይሄማ ላኪ የለውም» አለች።

«እንዴት?»

«ማን እንደጻፈው፣ ማን ምን እንዳደረገ አይልም። ካላስቸገርኩዎት እኔ ልጻፈው። በስሜ።»

ሚስተር ሃልቮርሰን ትኩር ብለው አዩዋት። ስለ በጋው ሥራ እንድታስብ ነገሯት፤ ከተማው የሠሪውን ስም ካየ ምን እንደሚወስን እርግጠኛ መሆን እንደማይችሉ አልደበቋትም። ካይሳ አሰበች። ሥራውን በጣም ትፈልገው ነበር፤ አሁንም ትፈልገዋለች። ወንበሯን አስጠግታ እሳቸው የጻፉትን አጠፋችና ስሟን ከላይ አስቀመጠች።

«ኮሪደር ላይ የነገርኩዎትንም እጽፈዋለሁ» አለች። «ስለ ስልኩ።»

«እሱ እንኳ የኮዱ ጉዳይ አይደለም» አሉ።

«አዎ፣ አይደለም» አለች ካይሳ፤ መጻፍ የጀመረችውም ከእሱ ነው።